በሬዲዮ የሚመራ ሄሊኮፕተርን የአየር ላይ ትርኢት በሲሙሌተር መለማመድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በሬዲዮ መቆጣጠሪያ የሚበር ሞዴል ሄሊኮፕተር ላላቸው ወይም ለመግዛት ላሰቡ፣ መገልበጥን፣ መሽከርከርንና ሌሎች የአየር ላይ ትርኢቶችን በኮምፒውተር መለማመድ ለሚፈልጉ ነው። የካሜራ ድሮን ጉዳይ እዚህ አይነሣም። ድሮን ስቲኩን ሲለቁት ራሱን አስተካክሎ የሚቆም ነው፤ ትርኢት የሚሠራ ሄሊኮፕተር ግን ጣት ሲነሣለት ቀድሞ በያዘው ዝንባሌ ይቀጥላል፤ ካዘነበለ እንዳዘነበለ፣ ከተገለበጠም እንደተገለበጠ ነው።

ሲሙሌተር በእርግጥ ምን ያስተምራል? ምንስ አያስተምርም?

የሚያስተምረው ዋና ነገር አንድ ነው፤ ዓይን ላየው አቅጣጫ ጣት ሳይጠየቅ መልስ እንዲሰጥ ማድረግ። የሞዴል ሄሊኮፕተር አብራሪ መሬት ላይ ቆሞ ከሩቅ ስለሚመለከት፣ አፍንጫው ወደ እርሱ ሲዞር ግራና ቀኝ ይለዋወጣሉ፤ ሲገለበጥ ደግሞ ላይና ታች ይለዋወጣሉ። ይህን በሐሳብ እያሰሉ ማብረር አይቻልም፤ ስሌቱ ሳያልቅ ሄሊኮፕተሩ መሬት ይደርሳል። ስለዚህ መልሱ ጣት ውስጥ እስኪሰርጽ ድረስ እጅግ ብዙ ጊዜ መሳሳት ግድ ሲሆን፣ ሲሙሌተር ስሕተቱን ያለ ዋጋ ይሰጣል፤ በሜዳ ላይ ግን እያንዳንዱ ስሕተት የሮተር ክንፍ፣ ዘንግና ማርሽ ያስከፍላል።

የማያስተምረውም ብዙ ነው። ጠፍጣፋ ስክሪን ርቀትን በደንብ አያሳይም፤ ፀሐይ ዓይን ውስጥ አትገባም፤ የሲሙሌተር ሄሊኮፕተር ብሎን አይላላበትም፣ ባትሪው አያረጅም፣ ሰርቮው (የሮተር ክንፎቹን የሚያዘነብለው ትንሽ ሞተር) አይቃጠልም። ጉልበትን የሚያንቀጠቅጠው ፍርሃትም እዚያ የለም።

በኪቦርድ ወይም በጌም ፓድ መለማመድ ይቻላል?

በኪቦርድ ፈጽሞ አይቻልም። በጌም ፓድም ቢሆን የሚገኘው ጥቅም ትንሽ ነው፤ ስቲኮቹ አጫጭር ከመሆናቸውም በላይ ሲለቀቁ ሁሉም በስፕሪንግ ወደ መሐል ይመለሳሉ። የሄሊኮፕተር ኮሌክቲቭ ስቲክ፣ ማለትም የዋናው ሮተር ክንፎች በአንድነት የሚያዘነብሉበትን ማዕዘን የሚወስነው፣ ስፕሪንግ የለውም፤ ያቆሙት ቦታ ይቆማል። ትርኢት ሁሉ የሚመሠረተው በዚህ ስቲክ ላይ ስለሆነ፣ በጌም ፓድ የሠለጠነ ጣት ሜዳ ላይ ሲወጣ እንደ አዲስ መማር ይጠበቅበታል።

የሚሻለው ወደፊት በሜዳ የሚጠቀሙበትን መቆጣጠሪያ ራሱን በዩኤስቢ ገመድ ወይም በገመድ አልባ ዶንግል ከኮምፒውተሩ ጋር ማገናኘት ነው። ኤጅ ቲኤክስ የተባለው የመቆጣጠሪያ ሶፍትዌር የተጫነባቸው እንደ ሬድዮማስተር ያሉ መቆጣጠሪያዎች በዩኤስቢ ሲሰኩ ኮምፒውተሩ እንደ ጆይስቲክ ያውቃቸዋል። የስቲክ አቀማመጡንም ከወዲሁ ይወስኑ። በአሜሪካ በብዛት የተለመደው ሞድ 2 ሲሆን፣ ኮሌክቲቭና ራደር (አፍንጫውን ግራና ቀኝ የሚያዞረው) በግራ እጅ፣ ኤሌቬተር (አፍንጫውን የሚያነሣውና የሚደፋው) እና አይሌሮን (ወደ ጎን የሚያዘነብለው) በቀኝ እጅ ናቸው። በጃፓንና በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች የተለመደው ሞድ 1 ኮሌክቲቭን ወደ ቀኝ፣ ኤሌቬተርን ወደ ግራ ያዞራል። ከሁለቱ አንዱ ከሌላው አይበልጥም፤ በአካባቢዎ የሚያስተምርዎ ሰው ካለ የእርሱን ይከተሉ፤ ከለመዱ በኋላ መቀየር ግን እጅግ አድካሚ ነው።

የትኛውን ሲሙሌተር ልግዛ?

በዋናነት ለሄሊኮፕተር ተብለው የተሠሩት ነክስት እና ሄሊ-ኤክስ ሲሆኑ፣ ሁለቱም ከዊንዶውስ በተጨማሪ በማክና በሊኑክስ ይሠራሉ። ሪልፍላይት አውሮፕላንን፣ ድሮንንና ሄሊኮፕተርን በአንድነት የያዘ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ፊኒክስ የተባለው በአንድ ወቅት በጣም ተወዳጅ የነበረ ሲሆን አሁን ከገበያ ወጥቷል፤ አሮጌ ዲስኩን የሚሸጥልዎ ሰው ቢያገኙ ገንዘብዎን ይቆጥቡ። በእኔ ግምት ከፕሮግራሙ ስም ይልቅ የሚያስፈልገው ምስሉ ሳይቆራረጥ መሄዱና ስቲክ በተነካ ቅጽበት ሄሊኮፕተሩ መታዘዙ ነው። ኮምፒውተሩ ደካማ ከሆነ የዛፉንና የጥላውን ውበት ቀንሱት፤ በዛፍ ጥላ ፍሊፕ (ባሉበት ቦታ መገለባበጥ) የተማረ ሰው የለም።

ልምምዱን ከየት ልጀምር?

ከሆቨር፣ ማለትም ሄሊኮፕተሩን አየር ላይ ባለበት ከማቆም ነው። ጅራቱ ወደ እርስዎ ሆኖ ማቆም የመጀመሪያው ደረጃ ብቻ ነው፤ ቀጥሎ ግራ ጎኑን፣ ቀኝ ጎኑንና አፍንጫውን ወደ እርስዎ አድርጎ፣ ከዚያም በመካከላቸው ባሉት አራት ሰያፍ አቅጣጫዎች ማቆም ያስፈልጋል። እነዚህን ስምንት አቅጣጫዎች ሳይጨርሱ ወደ ትርኢት መዝለል በጣም የተለመደ ሲሆን፣ ብዙ ሰው ለወራት አንድ ቦታ ቆሞ የሚቀረውም በዚህ ምክንያት ነው። ቪዲዮ ላይ የታየው ቲክ-ቶክ የተባለው የመወዛወዝ ትርኢት ያማልላል፤ ነገር ግን ማንኛውም ትርኢት ሲፈታ በእነዚሁ አቅጣጫዎች ውስጥ በፍጥነት ማለፍ ሆኖ ይገኛል፤ ከመካከላቸው አንዱን ጣት የማያውቀው ከሆነ ትርኢቱ የሚበላሸው እዚያው ላይ ነው።

ከሆቨር በኋላ ቀስ ያለ የስምንት ቁጥር በረራ፣ በሁለቱም አቅጣጫ ክብ መዞር፣ ከዚያም ወደ ኋላ መብረር ይከተላል። ሁሉም ሰው የሚወደው የመታጠፊያ ጎን አለውና ራስዎን ይታዘቡ፤ ሁልጊዜ ወደ ግራ የሚታጠፉ ከሆነ ለአንድ ሳምንት ወደ ቀኝ ብቻ ይታጠፉ። ሉፕ (አየር ላይ በቁም የሚሠራ ክብ)፣ ሮል (እየበረሩ በጎን መገለባበጥ) እና ስቶል ተርን (ቀጥ ብሎ ወጥቶ፣ ዞሮ መውረድ) የሚመጡት ከዚህ በኋላ ነው። ፍሊፕና የግልብጥ ሆቨር (ተገልብጦ አየር ላይ መቆም) ይቀጥላሉ። ወደ ውድድር የሚያዘነብሉ ሰዎች ከዚህ በኋላ መንገዳቸው ይለያያል፤ በዓለም አቀፉ የአየር ስፖርቶች ፌዴሬሽን ሥር ካሉት የሄሊኮፕተር ውድድሮች ኤፍ 3 ሲ የተባለው ንጹሕና የተመጠነ በረራን ሲጠይቅ፣ ኤፍ 3 ኤን ደግሞ ፈጣኑንና ተገለባባጩን፣ በተለምዶ ስሪ-ዲ የሚባለውን በረራ ይመዝናል።

ሄሊኮፕተሩ ሲገለበጥ የትኞቹ ትእዛዞች ይለወጣሉ?

መልሱ በምን እንደተገለበጠ ይወሰናል፤ ጀማሪን የሚያደናግረውም ይኸው ነው።

ጅራቱን ወደ እርስዎ አድርጎ የቆመ ሄሊኮፕተር በጎኑ፣ በግማሽ ሮል ቢገለበጥ ጅራቱ እዚያው ይቆያል። በዚህ ጊዜ አይሌሮን እንደ ወትሮው ይሠራል፤ ወደ ቀኝ ሲገፉት ሄሊኮፕተሩ ወደ ቀኝዎ ይሄዳል። ኤሌቬተር ግን ተቃራኒ ይሆናል፤ ስቲኩን ወደ ፊት ሲገፉ ሄሊኮፕተሩ ወደ እርስዎ ይመጣል። ራደርም እንዲሁ ነው፤ ቀኝ ሲሰጡት አፍንጫው ወደ ግራዎ ይዞራል።

ያው ሄሊኮፕተር በኤሌቬተር፣ በግማሽ ፍሊፕ ቢገለበጥ ደግሞ አፍንጫው ወደ እርስዎ ይመጣና ሁኔታው ሌላ ይሆናል። ኤሌቬተር ጅራቱ ወደ እርስዎ ሳለ እንደነበረው ይቀራል፤ ወደ ፊት ሲገፉ ይርቃል፣ ሲስቡ ይቀርባል። አይሌሮን ግን ይገለበጣል፤ ቀኝ ሲሰጡት ወደ ግራዎ ይሄዳል።

በሁለቱም ሁኔታ ኮሌክቲቩ ተቃራኒ ነው፤ ከፍ ለማድረግ ስቲኩን ወደ ራስዎ መሳብ ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚከብደውም እርሱ ነው፤ ምክንያቱም መሬት ሲቀርብ ደመ ነፍስ ኮሌክቲቩን ወደ ላይ ይገፋል፤ ተገልብጦ ሳለ ይህን ማድረግ ደግሞ ሄሊኮፕተሩን በሙሉ ኃይል መሬት ላይ መቸከል ነው።

ለመጀመሪያው የግልብጥ ሆቨር የምመርጠው በግማሽ ፍሊፕ የሚገኘውን፣ አፍንጫው ወደ እርስዎ የሆነውን ነው። ማራቅና ማቅረብ ካወቁት ጋር አንድ ስለሆነ የሚቀረው አይሌሮንንና ኮሌክቲቭን መልመድ ብቻ ነው፤ ማምለጫውም ቀላል ነው። ነገሩ ሲደናገርዎ በኤሌቬተር ሌላ ግማሽ ፍሊፕ ሠርተው ጅራቱ ወደ እርስዎ ወደሆነበት፣ ወደሚያውቁት ሆቨር ይመለሳሉ። ይህን ማምለጫ የግልብጥ ሆቨሩን ከመጀመርዎ በፊት ደጋግመው ይለማመዱት።

ፍሊፕ ስሠራ ሄሊኮፕተሩ ከቦታው ለምን ይሸሻል?

ኮሌክቲቩ በጊዜው ስላልተንቀሳቀሰ ነው። ለትርኢት በተዘጋጀ ሄሊኮፕተር ኮሌክቲቩ ለምሳሌ ከ12 ዲግሪ ፖዘቲቭ (ወደ ሮተሩ በኩል ከሚገፋው) እስከ 12 ዲግሪ ኔጋቲቭ (ወደ ሆዱ በኩል እስከሚገፋው) ድረስ ይሄዳል፤ ስቲኩ መሐል ላይ ሲሆን ክንፎቹ ዜሮ ላይ ናቸውና ወዴትም አይገፉም። የፍሊፕ ምስጢር የሮተሩ ክብ እንደ ግድግዳ ቀጥ ባለበት ቅጽበት ስቲኩ ልክ መሐል ላይ እንዲገኝ ማድረግ ነው።

ጅራቱ ወደ እርስዎ ሆኖ ሄሊኮፕተሩን 15 ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ያቁሙት። ቀኝ እጅ ኤሌቬተሩን በመጠኑ ስቦ ሳይለዋውጥ ይይዛል። አፍንጫው መነሣት ሲጀምር ግራ እጅ ኮሌክቲቩን ማውረድ ይጀምራል። አፍንጫው ሰማይን ሲያይ ስቲኩ መሐል ላይ ነው፤ ሄሊኮፕተሩ ሲገለበጥ ስቲኩ ከመሐል በታች ይሆናል፤ አፍንጫው መሬትን ሲያይ እንደገና መሐል ላይ፣ ቀና ሲል ደግሞ ወደ ሆቨር ቦታው ይመለሳል። ቀኙ እጅ በዚህ ሁሉ ጊዜ ምንም አይለውጥም፤ ሥራው የግራው ነው።

እንዲህ በሚሠራ የኋላ ፍሊፕ ስሕተቱ ራሱን ይናገራል። ሄሊኮፕተሩ ወደ እርስዎ እየቀረበ የሚሄድ ከሆነ ኮሌክቲቩን ዘግይተው እየለወጡት ነው፤ እየራቀ ከሄደ ቀድመው እየለወጡት ነው። ይህ በመውረዱም ሆነ በመመለሱ ስለሚሠራ ለምርመራ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ቁመት እየቀነሰ ከሆነ ደግሞ በተገለበጠበት ቅጽበት የሚሰጠው ኔጋቲቭ አንሷል ማለት ነው። ፍሊፑን በዝግታ ይሥሩት፤ ፈጣን ፍሊፕ የኮሌክቲቭ ጉድለትን ይደብቃል፣ ዘገምተኛው ያጋልጣል።

ሉፕ፣ ሮልና ስቶል ተርንስ?

ሉፕ በቂ ፍጥነት ይዞ መግባትን ይጠይቃል። ኤሌቬተር ተስቦ ሄሊኮፕተሩ ወደ ላይ ሲታጠፍ ኮሌክቲቩ እየቀነሰ ሄዶ አናቱ ላይ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ሲወርድ እንደገና ይጨምራል። አናቱ ላይ ኮሌክቲቩ ካልተቀነሰ ክቡ ክብ መሆኑ ይቀርና የተጨፈለቀ ቅርጽ ይወጣል።

ሮል የፍሊፕ ወንድም ነው፤ የኮሌክቲቩ አካሄድ አንድ ሆኖ የሚለየው ወደ ፊት እየበረሩ በአይሌሮን መሠራቱ ነው። ስቶል ተርን ላይ ሄሊኮፕተሩ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ሲወጣ ኮሌክቲቩ ዜሮ ላይ ይቆያል፤ ፍጥነቱ ሊያልቅ ሲል በራደር 180 ዲግሪ ይዞርና በመጣበት መንገድ ይወርዳል። ትዕግሥት ያጡ ሰዎች ራደሩን ቀድመው ይሰጡና መታጠፊያው ሰፊ ቅስት ይሆናል።

ቲክ-ቶክና ፒሮ ፍሊፕ መቼ ይመጣሉ?

ቲክ-ቶክ የሮተሩ ክብ እንደ ግድግዳ ቀጥ ባለበት አቋም አካባቢ ሄሊኮፕተሩ ወዲህና ወዲያ የሚወዛወዝበት ሲሆን፣ ኮሌክቲቭና ኤሌቬተር ወይም አይሌሮን በአንድ ምት ይለዋወጣሉ። ፍሊፑን በፈለጉት ማዕዘን ላይ ማቆምና ወደ ኋላ መመለስ የቻለ ሰው ቲክ-ቶክን ጀምሯል ማለት ይቻላል። ፒሮ ፍሊፕ፣ ማለትም በራደር እየተሽከረከሩ መገልበጥ፣ ሳይክሊክ ስቲኩ (ኤሌቬተርንና አይሌሮንን የያዘው) ከሽክርክሪቱ ጋር እኩል በክብ እንዲዞር ስለሚፈልግ ከሁሉ ይከብዳል። በአንዳንድ ሲሙሌተሮች ጊዜን ማዘግየት ይቻላልና እዚህ ላይ ይጠቀሙበት፤ ለሌላው ልምምድ ግን አይመከርም።

ሲሙሌተሩን እንዴት ላስተካክለው?

ትርኢት የሚሠራው አይድል አፕ በሚባለው ሞድ ነው፤ በዚህ ሞድ ስቲኩ የትም ቢሆን የሮተሩ ፍጥነት አይቀንስም። በኖርማል ሞድ ስቲኩ ሲወርድ ሞተሩም ስለሚቀንስ፣ በእርሱ ፍሊፕ መሞከር ሄሊኮፕተሩ ተገልብጦ ሳለ ሞተሩን ማጥፋት ነው።

ካሜራው አብራሪው በቆመበት ቦታ የተተከለ ይሁን፤ ሄሊኮፕተሩን እያሳደደ የሚያጎላ ካሜራ ሜዳ ላይ የማይገኝ ምቾት ያስለምዳል። መነሻ ሆቨር ከተቻለ በኋላ ነፋስ ይጨምሩ፤ ያለ ነፋስ የተማረ ሰው የመጀመሪያዋ ሽውታ ታስደነግጠዋለች። የሚመርጡት ሞዴል በመጠን ከራስዎ ሄሊኮፕተር ጋር የሚቀራረብ ይሁን፤ 700 የሚባለው ትልቅ መጠን ረጋ ያለ ሲሆን ትንንሾቹ ይቁነጠነጣሉ።

በቀን ስንት ሰዓት ልለማመድ?

ሰዓት አያስፈልግም፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል፤ የሚሻለውም በየቀኑ ማድረግ ነው። የእውነተኛ በረራ ባትሪ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ስለሚቆይ መቆጣጠሪያው ላይ ሰዓት ቆጣሪ ሞልተው ሲጮህ ማሳረፍን ይልመዱ። ለአንዱ ዙር አንድ ነገር ብቻ ይያዙ፤ ለምሳሌ «ዛሬ የግልብጥ ሆቨር ብቻ» ብሎ መነሣት ሁሉንም ነካክቶ ከመነሣት የተሻለ ውጤት አለው።

ሲሙሌተር መጥፎ ልማድ ያስለምዳል ይባላል፤ እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ዋናው ጥፋተኛ ሪሴት ቁልፍ ነው። ሄሊኮፕተሩ ሲያፈተልክ ጣት ወደ ሪሴት የሚሮጥ ከሆነ ሁለት ነገር ይጠፋል። አንደኛው፣ የተደናገረን ሄሊኮፕተር ማዳን ራሱ ከትርኢቱ የማይተናነስ ችሎታ ሆኖ ሳለ ሳይለመድ ይቀራል። ሁለተኛው፣ ሜዳ ላይ መውደቁ የማይቀር ሲሆን መነካት ያለበት ሞተሩን የሚያቆመው ስሮትል ሆልድ ነው፤ ሞተሩ ቆሞ የወደቀ ሄሊኮፕተር ጉዳቱ ያነሰ ነው፤ ሳር ላይ ወድቆ ሞተሩ የሚገፋው ግን ራሱን ይሰባብራል፣ የፍጥነት መቆጣጠሪያውንም ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ሲሙሌተር ላይ በወደቁ ቁጥር አስቀድመው ስሮትል ሆልድን ይንኩ፤ ሪሴቱ ይቆይ። ሌላው ልማድ መሬትን መላስ ነው፤ በነጻ ስለሆነ ሁሉም ሰው አንድ ሜትር ላይ ይገለበጣል፤ ያው ጣት ሜዳ ላይም ያንኑ ከፍታ ይፈልጋል።

ኦቶሮቴሽንን በሲሙሌተር መማር ይጠቅማል?

በጣም ይጠቅማል። ሞተር ሲቆም ኮሌክቲቩ ትንሽ ኔጋቲቭ ላይ ሆኖ ሮተሩ ከታች በሚመጣው አየር እየተሽከረከረ ይወርዳል፤ መሬት ሲቃረብ አፍንጫው ይነሣና ፍጥነቱ ይሰበራል፤ የቀረው የሮተር ጉልበት በፖዘቲቭ ኮሌክቲቭ አንድ ጊዜ ብቻ ይወጣል። ቀድሞ ከወጣ ሄሊኮፕተሩ ከላይ ይወድቃል። ሜዳ ላይ ሞተር የሚቆምበትን ቀን መምረጥ አይቻልምና ይህን ሳይለማመዱ አይውጡ።

ከሲሙሌተር ወደ ሜዳ መቼ ልሻገር?

አንድን ትርኢት በነፋስ ውስጥ፣ በሁለቱም አቅጣጫ፣ በተከታታይ ሳይወድቁ መሥራት ሲችሉ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በሜዳ ሲሠሩት ሲሙሌተር ላይ ከለመዱት ከፍታ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ከፍ ይበሉ። ሄሊኮፕተሩ ውስጥ የሚገጠሙ ብዙ የሚዛን መቆጣጠሪያዎች በአንድ ቁልፍ ሄሊኮፕተሩን ቀና የሚያደርግ የማዳኛ አገልግሎት አላቸው፤ መጠቀሙ አያሳፍርም።

ስለ አደጋው ግን ግልጽ መሆን ይገባል። የ700 መጠን ሄሊኮፕተር የሮተሩ ስፋት 1.58 ሜትር ያህል ሆኖ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ቢሽከረከር የክንፎቹ ጫፍ በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይጓዛል። እ.ኤ.አ. በ2013 በኒውዮርክ ከተማ፣ ብሩክሊን ውስጥ ልምድ ያለው የ19 ዓመት ወጣት የራሱ ሞዴል ሄሊኮፕተር መትቶት ሕይወቱ አልፏል። ስለዚህ ትርኢት በሰው አናት ላይ፣ በመኪና ማቆሚያ ወይም ሕፃናት በሚጫወቱበት ሜዳ አይሠራም፤ ለራስዎም በቂ ርቀት ይጠብቁ።

አዲስ አበባ ላይ ማብረር የሚለይበት ነገር አለ?

አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከባሕር ወለሉ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ሮተሩ በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚያነሣው ክብደት ስለሚቀንስ፣ ሆቨር ላይ ስቲኩ ከለመዱት ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ቲክ-ቶክን በመሰሉ ኃይል በሚጠይቁ ትርኢቶች ላይም ሄሊኮፕተሩ ሲሙሌተር ላይ ከሚያውቁት የደከመ ሆኖ ይሰማዎታል። ሲሙሌተሩ ላይ በሮተር ፍጥነት ቀነስ ያለ ሞዴል መለማመድ ለዚህ ያዘጋጃል።

ፈቃድ ያስፈልጋል?

ለሲሙሌተሩ አያስፈልግም። ሄሊኮፕተሩ ግን በሕግ ዓይን ሰው አልባ በራሪ ስለሆነ፣ በኢትዮጵያ ከማስገባትዎም ሆነ ከማብረርዎ በፊት ፈቃዱን ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ይጠይቁ፤ ያለ ፈቃድ በሻንጣ ይዞ መምጣት ዕቃውን ጉምሩክ ላይ ማስቀረት ነው። በአሜሪካ 250 ግራምና ከዚያ በላይ የሚመዝን ሞዴል በፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር መመዝገብ አለበት፤ ለመዝናኛ የሚያበር ሰውም በኢንተርኔት የሚሰጠውን ነጻ የደህንነት ፈተና አልፎ ማረጋገጫውን ይይዛል።